ሰው ሳይወጣ የሚታደስ ቤት



"ሲስተም የለም" ሲባል ያልሰማ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ይኖራል ብዬ አላስብም። ባንክ መስኮት ላይ፣ ክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት፣ ሬጅስትራር በር ላይ ሁለት ሰዓት የተሰለፈ ሰው ተራው ደርሶ መታወቂያውን ሲያወጣ የሚሰማው ይህንኑ ነው። መስኮቱ ውስጥ የተቀመጠችው ሠራተኛ ያጠፋችው ነገር የለም። ከባለጉዳዩ የተሻለ የምታውቀው ነገርም የለም፤ ስክሪኑ ላይ የምትሽከረከረውን ክብ አብራው ታያለች። እኔ ግን የዚያን ቃል ሌላኛውን ጫፍ አውቀዋለሁ። ብዙ ዓመት የኖርኩት ሰርቨር በማስተዳደር ነው፤ "ሲስተም የለም" ከተባለባቸው ቀናት አንዳንዶቹ በእኔ እጅ የመጡ ናቸው። ዛሬ የምናገረው ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚሠራበትን፣ ቀንም ሌሊትም የማያርፈውን ሰርቨር እንዴት አፕዴት እንደምናደርግ ነው።

አንድ መካከለኛ መሥሪያ ቤት አስቡ። አንዲት ክፍል ውስጥ አየር ማቀዝቀዣ እየነፈሰበት የቆመ አንድ ሰርቨር አለ። የፋይናንሱ ፕሮግራም፣ የሰው ኃይል መዝገቡ፣ የንብረት ክፍሉ፣ የውስጥ ኢሜይሉ፣ የሁሉም ዳታቤዝ እዚያው ላይ ነው። የፋይናንሱን ፕሮግራም የተከለው ድርጅት ከሄደ ዓመታት አልፈዋል፤ ፕሮግራሙ የሚፈልገውም የቆየ የዳታቤዝ ቨርዥን ነው። የሰው ኃይሉ በተቃራኒው አዲሱን ካላገኘ አይነሳም። በግል ላፕቶፓችን ላይ አፕዴት ሲጠይቀን "በኋላ" የምትለዋን ብንጫን ጣጣው የእኛው ነው። እዚህ ግን ለአንዱ ክፍል ተብሎ የተነካ ነገር የሌላውን ክፍል ሥራ ያናጋል፤ "አሁን ይመቸኛል" ብሎ ለሁሉም የሚወስን ሰውም የለም። እንዲህ ያለውን ሰርቨር ማዘመን ነዋሪው ሳይወጣ፣ እሳት ምድጃው ላይ እያለ፣ ልጆች ጓዳ ውስጥ ተኝተው ጣሪያ እንደመቀየር ነው።

ይህን የፈራ ባለሙያ ብዙ ጊዜ የሚለው አንድ ነው፦ "እየሠራ አይደል? ተወው።" እኔም ብዬዋለሁ። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ የሚያስከፍለውን ዋጋ ግን እንየው።

እ.ኤ.አ. በማርች 2017 አፓቺ ስትረትስ በሚባለው፣ ብዙ ትልልቅ ድርጅቶች የድረ ገጽ አገልግሎታቸውን በሚሠሩበት ሶፍትዌር ላይ ከባድ ክፍተት ተገኘ። ማስተካከያው ማርች 7 ቀን ወጣ። የአሜሪካው የብድር መረጃ ድርጅት ኢኪዩፋክስ ወሬውን ወዲያው ሰምቷል፤ በሁለት ቀን ውስጥ ደግሞ ለሠራተኞቹ "በ48 ሰዓት ውስጥ አስተካክሉ" የሚል ኢሜይል ተልኳል። ያ ሶፍትዌር የሚሠራበት አንድ የቆየ ሲስተም ግን ተረሳ። ባለቤት ነኝ የሚል አልነበረውም፤ የተደረገው ፍተሻም አላገኘውም። ሜይ ላይ ሰርጎ ገቦች በዚያች ቀዳዳ ገቡ። የሚወጣውን መረጃ እንዲፈትሽ የተተከለው መሣሪያ ደግሞ ሰርተፍኬቱ ጊዜው አልፎበት ስለነበር ምንም አላየም። ሰርተፍኬቱ ጁላይ መጨረሻ ላይ ሲታደስ ነው አጠራጣሪው ነገር የታየው። በዚህ መሐል ወደ 147 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መረጃ ወጥቷል።

በዚያው ዓመት ሜይ 12 ቀን ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ኮምፒውተሮችን ቆለፈ። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች በሺህ የሚቆጠሩ ቀጠሮዎች ተሰረዙ። ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ያወጣው ማርች 14 ቀን ነው፤ ሁለት ወር ገደማ ቀድሞ። አባቶቻችን "ሳይቃጠል በቅጠል" የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነው፤ ቅጠሉም በእጅ ነበር።

እንግዲያው በወጣ ቁጥር ወዲያው እንጫን? የዚህን ዋጋ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ዓለም አይታዋለች። ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ድርጅት የላከው አንድ የተበላሸ ፋይል ማይክሮሶፍት ባወጣው ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖችን ጣለ። ድርጅቱ ፋይሉን በ78 ደቂቃ ውስጥ መልሶታል፤ ግን ቀድሞ የወደቀው ማሽን መመለሱን የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም። ብዙዎቹን ሰው አንድ በአንድ እየሄደ በእጁ ማንሳት ነበረበት። ፋይሉ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በመጀመሪያ ለጥቂቶች ተልኮ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ በጥቂቶቹ ላይ ይቀር ነበር።

ከእኛም ሩቅ አይደለም። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፤ በየዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ኤቲኤም ላይ ተሰልፈው ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ያወጡበትን ሌሊት። ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መውጣቱ ተገልጿል። ነገሩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ፣ ከተለመደ የሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ብሔራዊ ባንክ አሳውቋል። "የተለመደ" የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። እኛ የተለመደ የምንለው ሥራ በዚያኛው ጫፍ የአገር ገንዘብ ያለበት ሥራ ነው።

አቋሜን ልናገር። አፕዴትን አስፈሪ የሚያደርገው መዘግየቱ ነው። ሁለት ዓመት ተጠራቅሞ በአንድ ሌሊት ሦስት መቶ የሶፍትዌር ፓኬጅ ሲጫን ጠዋት አንድ ነገር ቢበላሽ ከሦስት መቶው የትኛው እንዳበላሸው ማን ያውቃል? በየወሩ አሥራ አምስት ቢጫን ግን ጥፋተኛውን ከአሥራ አምስት መካከል መፈለግ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የደኅንነት ማስተካከያዎቹን በየወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ ማውጣቱም በዚህ ስሌት ነው፤ ቀኑ ሲታወቅ የሰርቨሩም ባለቤት ቀኑን ይይዛል። ትንሽ፣ ተደጋጋሚ፣ ቀኑ የታወቀ። የማይጠብቅ አደገኛ ክፍተት ሲገኝ ከቀኑ ውጭ ይሠራል። ትልቅ የቨርዥን ለውጥ፣ ለምሳሌ ዳታቤዝን ከአንድ ዋና ቨርዥን ወደ ሌላው ማሻገር፣ ከወርሃዊው ጋር መቀላቀል የለበትም፤ ለብቻው የተለማመዱት የራሱ ሌሊት ይሰጠው።

ቀኑ ታወቀ፤ ሰዓቱስ? እዚህ ላይ የገጠመኝን ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ሶፍትዌሩን ላቀረበልን ድርጅት ባለሙያ በስልክ "ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሪስታርት እንዲያደርግ አስቀምጠው" አልኩት። እርሱም 8 ሰዓት ብሎ አስቀመጠ። ኮምፒውተሩ ግን የእኛን አቆጣጠር አያውቅም፤ ለእርሱ 8 ሰዓት ማለት የእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። በሩ ተከፍቶ፣ ወረፋው ተይዞ፣ የመጀመሪያው ባለጉዳይ ተቀምጦ ሳለ ሰርቨሩ ጠፍቶ መነሳት ጀመረ። ሁለታችንም የተናገርነው ትክክል ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰዓት በስልክ አልናገርም። በሁለቱም አቆጣጠር በጽሑፍ እልካለሁ፤ ሰርቨሩ የሚከተለው የአዲስ አበባን ሰዓት ይሁን ዓለም አቀፉን፣ እርሱንም አይቼ እጽፋለሁ፤ በመካከላቸው ሦስት ሰዓት አለና።

"ሌሊት ማንም አይጠቀምም" የሚለውም መታየት አለበት። የሰርቨሩን ሎግ ከፍቶ ማን በየትኛው ሰዓት እንደገባ መቁጠር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ባደረግሁት ጊዜ ሁሉ ያልጠበቅሁትን ሰው አግኝቻለሁ፤ ሌሊት ተረኛ የሆነች የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ፣ ሪፖርት በሌሊት የሚያዘጋጅ የሂሳብ ባለሙያ። አገልግሎቱ በኢንተርኔት ከሆነማ በአሜሪካ የበጋ ወራት የእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ዋሽንግተን ላለው ወገናችን በእነርሱ አቆጣጠር ገና የምሽት 7 ሰዓት ነው፤ ከሥራ ወጥቶ ጉዳዩን የሚጨርሰው ያኔ ነው። ባዶ ሰዓት ላይገኝ ይችላል። ጥቂት ሰው የሚጎዳበት ሰዓት ግን ይገኛል፤ እነዚያ ጥቂቶች ደግሞ በስም ከታወቁ አስቀድሞ ይነገራቸዋል። ቀን ስትመርጡም የበጀት ዓመቱ መዝጊያ፣ ሰኔ 30 እና ሐምሌ 1 አካባቢ፣ እንዲሁም የተማሪ ምዝገባ ሳምንት ከአደገኛ ክፍተት በቀር ምንም የማይነካባቸው ቀናት ይሁኑ።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ሌሊቱ ልውሰዳችሁ። የሚጫኑትን ፓኬጆች ቀን ላይ አስቀድሞ ማውረድ ይቻላል፤ ኢንተርኔቱ እኩለ ሌሊት ላይ ቢቋረጥ ሥራው መሐል ላይ አይቀርም። ከቤት በሞባይል ኢንተርኔት የምትገቡ ከሆነ ደግሞ ሥራውን ቲመክስ ወይም ስክሪን በሚባሉት መሣሪያዎች ውስጥ አስጀምሩት፤ መስመሩ ቢበጠስ እንኳ ሰርቨሩ ላይ ሥራው ይቀጥላል።

ከዚያ ስክሪኑ ላይ ፊደሎቹ ይወርዳሉ፣ ይወርዳሉ፣ በድንገት ይቆማሉ። አንድ ጥያቄ ይመጣል። "ይህን የኮንፊግሬሽን ፋይል እናንተ ቀይራችሁታል፤ አዲሱን ልተካው ወይስ የእናንተን ልተወው?" የሚል ነው፤ በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ። ዝም ብሎ ኢንተር ለመታ ነባሩን ይተውለታል። እኔ አንድ ሌሊት፣ ደክሞኝም ነበር፣ አዲሱ ይሻላል ብዬ እሺ የምትለዋን ዋይን መታሁ። ዳታቤዙ አዲሱን ፋይል ይዞ ተነሳ። እዚያው ሰርቨሩ ላይ ሆኜ ሞከርኩት፤ ይሠራል። ተኛሁ። ጠዋት ከየቢሮው አንድም ሰው መግባት አልቻለም። አዲሱ ፋይል ዳታቤዙን ከራሱ ማሽን ውጭ ለማንም እንዳይመልስ አድርጎት ነበር፤ ያንን ለቢሮዎቹ የከፈተችው መስመር በአሮጌው ፋይል ውስጥ ቀርታለች። ሥራው አርባ ደቂቃ ቆመ። አሮጌው ፋይል ስሙ ላይ ቅጥያ ተጨምሮበት እዚያው አጠገቡ ተቀምጦ ነበር፤ እስካገኘው ድረስ ግን ስልኩ አላረፈም። ከዚያ ወዲህ የምሞክረው ተጠቃሚው ከሚቀመጥበት ወንበር ሆኜ፣ በእርሱ ኮምፒውተርና በእርሱ የፈቃድ ደረጃ ነው።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። ፋይሉ መቀየሩ ፕሮግራሙ መቀየሩ አይደለም። መሥሪያ ቤት አዲስ መመሪያ አውጥቶ መደርደሪያ ላይ ቢያስቀምጥ፣ ሠራተኛው ግን የድሮውን በቃሉ ይዞ ቢቀጥል መመሪያው ምን ሠራ? ሰርቨርም እንዲሁ ነው። ሲነሳ የጫነውን ላይብረሪ፣ ፕሮግራሞች የሚጋሩትን ኮድ፣ ማኅደረ ትውስታው ውስጥ ይዞ ይሠራል፤ ዲስኩ ላይ አዲሱ ቢተካም ሪስታርት እስኪደረግ ድረስ በአሮጌው ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ኦፕንኤስኤስኤል በሚባለው ላይብረሪ ላይ ሃርትብሊድ የተባለው ክፍተት ሲገለጥ ይህ በግልጽ ታየ፤ ፓኬጁን መቀየር ብቻውን አይበቃም፣ ላይብረሪውን የሚጠቀሙት አገልግሎቶች በሙሉ እንደገና መነሳት ነበረባቸው። የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ከተቀየረ ደግሞ በአብዛኛው ማሽኑ ራሱ መነሳት አለበት።

ሪስታርቱን ግን እንፈራዋለን። "ይህ ሰርቨር 400 ቀን ሳይጠፋ ሠርቷል" የሚል ኩራት በብዙ ቢሮ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ቁጥሩን ስሰማ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። አራት መቶ ቀን ያልጠፋ ማሽን ሲጠፋ ይነሳ አይነሳ ማንም አያውቅም ማለት ነውና። አንድ ቦታ መብራት ሄደ፣ የዩፒኤሱ ባትሪ አለቀ፣ ጀነሬተሩ ዘገየ። መብራቱ ሲመለስ ሰርቨሩ ተነሳ፤ አንዱ አገልግሎት ግን አልተነሳም። ከረጅም ጊዜ በፊት አንድ ሰው በእጁ አስነስቶት ነበር፤ በራሱ እንዲነሳ ያዘዘው የለም፤ ሰውየውም ሥራ ለቋል። ማሽን መነሳት አለመነሳቱን መብራት ኃይል በመረጠው ቀን ከማየት እኛ በመረጥነው ሌሊት ማየት ይሻላል።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ፤ ወደ መመለሻው። "ባክአፕ አለን" ስንል ልባችን ያርፋል። ከአፕዴቱ በፊት የማሽኑን ስናፕሾት፣ የዚያን ቅጽበት ሙሉ ቅጂውን፣ ካነሳን ደግሞ ይበልጥ። እስቲ ሰዓቱን ተከተሉት። ስናፕሾቱ የተነሳው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። አፕዴቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ አለቀ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ቢሮው ተከፈተ። 5 ሰዓት ላይ የደመወዝ ስሌቱ እንደተዛባ ታወቀ። "ወደ ስናፕሾቱ መልሰው" ይባላል። መመለስ ይቻላል፤ በአንድ ትእዛዝ። ነገር ግን ከ2 እስከ 5 ሰዓት የገባው ሁሉ ይጠፋል። ስልሳ ሠራተኛ የጻፈው፣ ባለጉዳዩ የከፈለው፣ ታትሞ የተሰጠው ደረሰኝ። ደረሰኙ ከባለጉዳዩ ኪስ አይመለስም። ሰርቨሩ ግን ያንን የደረሰኝ ቁጥር ረስቶታል፤ ከሰዓት በኋላ ለሌላ ሰው ይሰጠዋል። አንድ ቁጥር፣ ሁለት ደረሰኝ፣ ሁለት ሰው። ይህን ለኦዲተር ማስረዳት ምን እንደሚመስል ያየሁት አለ።

ስለዚህ መመለሻው በር ሰዓት አለው። የመጀመሪያው ተጠቃሚ የመጀመሪያውን መዝገብ ሲያስገባ በሩ መዘጋት ይጀምራል። "እንቀጥል ወይስ እንመለስ" የሚለው ውሳኔ ቢሮው ከመከፈቱ በፊት መሰጠት አለበት፤ ማን እንደሚወስንም ቀድሞ ይታወቅ። ከዚያ በኋላ የተገኘ ስህተት ወደፊት እየሄዱ የሚታረም እንጂ ወደኋላ የሚመለሱበት አይደለም።

በድንጋጤ የተደረገ መመለስ ራሱ ጥፋት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ንግድ ድርጅት አዲስ ፕሮግራም አስነሳ። ስምንት ሰርቨሮች ነበሩት፤ አዲሱ የተጫነው በሰባቱ ላይ ነው፣ ስምንተኛው ተረስቷል። በስምንተኛው ላይ ለዓመታት ያልተሠራበት አሮጌ ኮድ ነቅቶ ያልታዘዘ ግዢና ሽያጭ ማጉረፍ ጀመረ። ሠራተኞቹ ጥፋቱ ከአዲሱ መስሏቸው አዲሱን በትክክል ከተጫነባቸው ከሰባቱ ላይ አነሱት። አሮጌው በስምንቱም ላይ ነቃ። በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠፋ። አቅም ያለው መሥሪያ ቤት ሁለትና ሦስት ሰርቨር አቁሞ አንዱን ከሥራ እያወጣ፣ እያዘመነ፣ እየመለሰ አገልግሎቱን ሳያቋርጥ መሥራት ይችላል፤ መልካም መንገድ ነው። ሲጨርስ ግን ሁሉንም ይቁጠር።

ሁለተኛ ሰርቨር ለመግዛት አቅም የሌለን ደግሞ ቢያንስ የዋናው ቅጂ የሆነ የሙከራ ማሽን ያስፈልገናል። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ያለ ቨርቹዋል ማሽን ይበቃል። ፍጥነቱ አያሳስብ፤ ዋናው ቨርዥኖቹና ኮንፊግሬሽኑ ከዋናው ጋር አንድ መሆናቸው ነው። እዚያ ላይ ሳምንት ቀድሞ የታየ ችግር በዋናው ላይ አያስደነግጥም።

ለሰው የሚነገረውንም አትናቁት። "በሲስተም ማሻሻያ ምክንያት የአገልግሎት መቆራረጥ ሊያጋጥም ስለሚችል በትዕግሥት ይጠብቁን" የሚል ማስታወቂያ ለማንም ምንም አይነግርም። እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ "ለሐሙስ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት፣ ፋይናንስና ሰው ኃይል አይሠሩም። ኢሜይል ይሠራል። ያልጨረሳችሁትን ረቡዕ ከ11 ሰዓት በፊት አስቀምጡ። ጠዋት ያልሠራላችሁ ነገር ካለ በዚህ ስልክ ደውሉ።" ሲያልቅም ማለቁን እጽፋለሁ። ሰው ሰዓቱን ካወቀ ሥራውን ያመቻቻል፤ ካላወቀ ግን በሚቀጥለው ጊዜ አፕዴት የሚለውን ቃል ሲሰማ ይቃወማል፤ አይፈረድበትም።

አለቆችም እዚህ ስላላችሁ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ይህን ሥራ የሚሠራው ሰው ሌሊቱን አድሮ ጠዋት በ2 ሰዓት ፈርሞ መግባት ይጠበቅበታል። የዋይ ጥያቄውን በድካም የሚመልሰው እርሱ ነው። ትራንስፖርቱና የማግስት ዕረፍቱ በመሥሪያ ቤቱ ደንብ ውስጥ ይጻፍለት፤ ሁለተኛ ሰውም አብሮት ይደር።

ባለፈው ወር ያደርኩበትን ሌሊት ላሳያችሁና ልጨርስ። 9 ሰዓት ከሩብ ላይ የሪስታርቱን ትእዛዝ ሰጠሁ። ስክሪኑ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲያ ያለው መጠበቅ ነው፤ ሰርቨሩን በየሰከንዱ የምትጠራዋ ፒንግ መልስ የለም፣ መልስ የለም እያለች ትወርዳለች። ዘበኛው ጋሼ ፔርሙሳቸውን ይዘው ብቅ አሉ።

"አለቀ እንዴ ልጄ?"

"ገና ነው ጋሼ፤ እስኪነሳ ነው።"

ሻይ ቀዱልኝ፤ ቆመው አብረውኝ አዩ። አራት ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ። መልስ መጣ። አገልግሎቶቹን አንድ በአንድ ከደብተሬ እያየሁ ቆጠርኳቸው፤ አስራ አንድ፣ ሁሉም አሉ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ከፋይናንስ የመጣችው ባልደረባዬ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ በራሷ ፓስወርድ ገባች፤ አንድ የሙከራ ደረሰኝ አዘዘች። ፕሪንተሩ ትንሽ አሰበና ማተም ጀመረ። "ወጣ" አለች። ደረሰኙ ላይ "የተሰረዘ" ብላ ጽፋ ፈረመችበት፤ እኔም ደብተሬ ላይ 1 ሰዓት ከ20 ብዬ ጻፍኩ።

አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።